ከቀብር በኋላ የትኛው በር? የውርስ ጉዳይ በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች

በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ ሰው ሲሞት ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይፈጸማል። ለቅሶ ደራሹ ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬና ከሐርሺን፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ከሐርጌሳ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የዱዓና የመጽናናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሊዘገዩ የማይችሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ሟቹ የማን ዕዳ ነበረበት? ለእርሱስ ማን ዕዳ አለበት? የቤቱ ካርታ በማን እጅ ይገኛል? በገጠር ያሉት ግመሎችና ፍየሎች ስንት ናቸው፣ ከማን መንጋ ጋርስ ተቀላቅለዋል? በባንክ የተቀመጠውን ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን የማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱ ሦስት በሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ተከፍተው ይገኛሉ። አንደኛው በሄር፣ ማለትም በሶማሌ ሕዝብ ባህላዊ ሕግ የሚዳኙት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለተኛው ቃዲ የሚያስችልበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሦስተኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚሠራበት መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ሦስቱም ሕጋዊ መሠረት አላቸው። አንዱ የሚሰጠው ድርሻ ግን ከሌላው ጋር አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም በጥቂት ብር የሚለካ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው አስቦበት ሳይሆን ቀድሞ የተገኘው ዘመድ ወደመራው በመሄድ ነው።

የስሌቱ ልዩነት

ጉዳዩን በአሃዝ ማየት ይበጃል። አንድ አርሶና አርብቶ አደር ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። አባትና እናቱ ቀድመው አርፈዋል። ያለው ሀብት 120 በግና ፍየል ሲሆን ሁሉም በትዳሩ ዘመን የተፈራ ነው። ዕዳ የለበትም።

በሸሪዓው ሥርዓት ልጆች ያሏት ሚስት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፤ ይህም 15 ነው። የቀረው 105 ወንዱ የሴቷን እጥፍ በሚያገኝበት ሥሌት ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 42፣ ለሴቷ ልጅ 21 ይደርሳል። የሟቹ እናት በሕይወት ብትኖር ኖሮ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 20 ትወስድ ነበር፤ ያኔ የወንዶቹ ድርሻ ወደ 34፣ የሴቷም ወደ 17 ይወርድ ነበር።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ ደግሞ ሚስት ያለ ኑዛዜ ከባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህን የሚሰማ ሰው ሕጉ ሴቷን የጣለ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ትዳሩ በሞት ሲፈርስ አስቀድሞ የጋራ ሀብቱ ይከፈላል። ስለዚህ 60ዎቹ የእርሷ ናቸው፤ የውርሱ አካል ከመጀመሪያውም አይሆኑም። ቀሪው 60 ለሦስቱ ልጆች በእኩል ይከፈላል፤ ለወንዱም ለሴቷም 20። የሟቹ ወላጆች ልጆች እስካሉ ድረስ አይወርሱም። ነገር ግን ሀብቱ ባልየው ከጋብቻ በፊት የነበረው ወይም ከአባቱ የወረሰው የግል ሀብት ከሆነ ሥሌቱ ይገለበጣል፤ 120ውም ለልጆቹ ሲሆን ሚስቲቱ ባዶ እጇን ትቀራለች። በሸሪዓው በኩል ግን በዚህም ሁኔታ አንድ ስምንተኛዋ አይነካም።

የሁለቱ መንገዶች ርቀት ይበልጥ የሚጎላው ሟቹ ወንድ ልጅ በሌለው ጊዜ ነው። ሚስት፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ የአባትና የእናት ልጅ የሆነ ወንድም ቢኖሩ፣ በሸሪዓው ሚስት 15፣ ልጅቱ ግማሹን ማለትም 60፣ ወንድምየው ደግሞ ቀሪውን 45 ይወስዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሀብቱ የጋራ ከሆነ፣ 60 ለሚስት፣ 60 ለልጅቱ ይሆናል፤ ወንድምየው ምንም የለውም። እንግዲህ አጎት በየትኛው በር መግባት እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። አብዛኛውን ጊዜ የሟቹን ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ ለሽማግሌዎች መልእክት የሚልከውና ወረቀቱን የሚይዘውም እርሱው ነው።

ይህ ማለት አንዱ ሕግ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በሃይማኖቷ ሕግ መዳኘትን የምትፈልግ ሙስሊም ሴት ውሳኔዋ የራሷ ነው፤ በዚያም ሥርዓት ውስጥ የማይገፈፉ መብቶች አሏት። ለምሳሌ ያልተከፈላት መህር ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ከሟቹ ሀብት ላይ የሚነሣ ዕዳ ነው። በንግዷ ያፈራችው ገንዘብ፣ የራሷ ወርቅና በስጦታ ያገኘቻቸው ከብቶች የሟቹ ንብረት ስላልሆኑ ለክፍፍል አይቀርቡም። በቶጎ ውጫሌና በጅግጅጋ ገበያዎች ሱቅ የሚያንቀሳቅሱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሱቁ በባል ስም ከተመዘገበና የሴቲቱን መዋጮ የሚያስረዳ ምስክር ወይም ሰነድ ከሌለ ግን ይህ መብት በወሬ ብቻ ይቀራል። ሁለት ሚስቶች ካሉም አንድ ስምንተኛዋን ለሁለት ይካፈሏታል እንጂ ለእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ አይደርሳቸውም፤ ይህን ዘግይተው የሚሰሙ ሚስቶች ብዙ ናቸው።

ፈቃድ፣ ዝምታና መጥሪያ

ወሳኙ ነጥብ ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሴቶች በውርስ ረገድ እኩል የመስተናገድ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ ድንጋጌዎች በውርስ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ ሕገ መንግሥቱ በመካከላቸው ያኖረው ድልድይም የእያንዳንዱ ተከራካሪ ፈቃድ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ አዲስ አይደሉም። የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 62/1936 ሥራቸውን ሲመራ ከቆየ በኋላ፣ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ተተካ። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና ለሲቲ ዞን ነዋሪዎች ቅርብ በሆነችው ድሬዳዋ ላሉ ፍርድ ቤቶች የወጣ ነው፤ የሶማሌ ክልል የራሱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉት። የፈቃድ መርሁ ግን ከሕገ መንግሥቱ የመነጨ በመሆኑ ሁሉንም ያስራል።

በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ጉዳይ የሚያየው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ሙስሊም ከነበረና ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። ተከሳሹ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መመራት አለበት። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ አንቀጽ አለ፤ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ተቆጥሮ ክርክሩ በሌለበት ሊቀጥል ይችላል። ጉዳዩ አንዴ በፈቃድ በአንደኛው ፍርድ ቤት ከተጀመረም ወደ ሌላው አይዛወርም። በአጭሩ፣ መጥሪያን ተቀብሎ ቤት መቀመጥ በሕግ ዓይን እምቢታ አይደለም፤ እንዲያውም እሺታ ነው። አልፈቅድም የሚል ሰው ቀርቦ ወይም ወኪል ልኮ ይህንኑ በግልጽ ማስመዝገብ አለበት።

ይህ አንቀጽ በዚህ አካባቢ የሚያስከትለው ችግር በዒዳ ይገለጣል። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን በቤቷ ትቆያለች። በዚያው ጊዜ ውስጥ ወንዶቹ ዘመዶች ከቀበሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመላለሳሉ። መጥሪያውም፣ የመጀመሪያ ቀጠሮውም፣ አንዳንዴም ውሳኔው በእነዚህ ወራት ሊወድቅ ይችላል። ሴቲቱ ከቤት በወጣች ጊዜ ነገሩ አልቆ ልትደርስበት ትችላለች። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ የምታምነውን ሰው ወይም ጠበቃ መወከል፣ ቀጠሮው እንዲተላለፍላት በጽሑፍ ማመልከት ትችላለች። ነገር ግን ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በውርሱ ድርሻ ያለው ዘመድ ባይሆን ይመረጣል።

ፈቃድ ከሌለ ውሳኔው ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ በአገሪቱ ደረጃ መልስ ተሰጥቷል። በአዲስ አበባ የተነሣ አንድ የውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲታይ፣ አንዲት ሴትና አብረዋት ያሉ ተከራካሪዎች በዚያ መዳኘትን እንደማይፈቅዱ ገልጸው ነበር። ተቃውሟቸው ውድቅ ሆኖ ጉዳዩ በየደረጃው ጸና፤ እስከ ሰበርም ደረሰ። በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለ ተከራካሪዎቹ ፈቃድ የተሰጠው ዳኝነት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ሲል ውሳኔዎቹ ተፈጻሚነት እንዳይኖራቸው አድርጓል። ውሳኔው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን አልነካም። የነካው እምቢ ያለን ሰው አስገድዶ መዳኘትን ነው። ሴቲቱ ያሸነፈችው ግን ተቃውሞዋን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምራ በማሰማቷ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። በለቅሶ ድንኳን፣ ሠላሳ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «በሃይማኖታችን እንጨርሰው፤ ትስማሚያለሽ?» ተብላ ለምትጠየቅ ሴት እምቢ ማለት በተግባር የሚቻል አይደለም። የሕጉ ፈቃድና የድንኳኑ ፈቃድ በስም እንጂ በይዘት አንድ አይደሉም። ቃዲዎች ተከራካሪዎችን በተናጠል ጠርተው፣ ሌላ በር መኖሩን አስረድተው ፈቃዳቸውን ቢቀበሉ ለሸሪዓው ፍርድ ቤት ክብርም የሚበጅ ነው። ሟቹ ሙስሊም ሆኖ ከቤተሰቡ መካከል የሌላ እምነት ተከታይ ወራሽ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል፤ በእስልምና የውርስ ሥርዓት ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከሙስሊም አይወርስም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በሃይማኖት ምክንያት ወራሽን አይለይም።

ሽማግሌዎች የሚችሉትና የማይችሉት

የሽማግሌዎች ጉባኤ ፈጣን ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። መንጋውን ያውቃሉ፣ ዕዳውንም ያውቃሉ፤ የትኛዋ ግመል ለማን በአደራ እንደተሰጠች ከሰነድ ይልቅ እነርሱ ያስታውሳሉ። የአንድ ወንድም ቂም ወደ ጎሳ ግጭት እንዳይሸጋገር የሚያበርዱትም እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል በብዙ ቦታ ግመል የወንዱ ዘር ሀብት ተደርጎ ስለሚታይ የሴት ልጅ ድርሻ በ«ማካካሻ» ይታለፋል። ይህ ግን የሸሪዓ ሥርዓት አይደለም፤ ሸሪዓው ከግመሉም ድርሻዋን ይሰጣታል። «በሃይማኖት ነው የተወሰነው» ከተባለ በኋላ ሴት ልጅ ከግመሉ ምንም ካልደረሳት፣ የተሠራበት ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለምና ቃዲውን መጠየቅ መብቷ ነው። ዱማል በሚባለው ልማድ የሟች ወንድም ባሏ የሞተባትን ሴት የሚያገባበት ሁኔታም ከውርሱ ጋር ይያያዛል፤ ጋብቻውን አልቀበልም ያለች ሴት ከቤቱና ከመንጋው ጋር ያላት መብት አብሮ አይቋረጥም።

የሽማግሌዎች ስምምነት ሁለተኛ ድክመት ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤትና የመሬት ጽሕፈት ቤት አለመቀበላቸው ነው። ስለዚህ በሽማግሌ የጨረሰ ቤተሰብ ከዓመት በኋላ ወደ ፍርድ ቤት መመለሱ አይቀርም። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጎ፣ አካለ መጠን የደረሱ ወራሾች ሁሉ ሴቶቹን ጨምሮ ፈርመውበት በዕርቅ መልክ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይህን ሁለተኛ ዙር ያሳጥረዋል።

የወራሽነት ማስረጃ ምንድን ነው?

በመደበኛው መንገድ የመጀመሪያው እርምጃ የሞት ምዝገባ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከናወን ሲሆን፣ ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። በገጠር ቀበሌዎች ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የሚታወሰው ባንኩ ሰርተፍኬት ሲጠይቅ ነው። ቀጥሎ ሟቹ በዋናነት ይኖርበት በነበረው ቦታ ለሚገኘው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ፍርድ ቤቱ ምስክሮችን ሰምቶ፣ ሰነዶችን አይቶ ማን ወራሽ እንደሆነና የድርሻውን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጣል።

ይህ ወረቀት ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ ምክንያቱም ከሆነው በላይ ስለሚገመት ነው። የወራሽነት ማስረጃ ሰውየው ወራሽ ነው ተብሎ እንዲገመት ያደርጋል እንጂ ቤቱ የሟቹ ነበር ብሎ አያረጋግጥም፤ ንብረትም አያስረክብም። አንድ ወንድም እኅቶቹን ደብቆ ብቻውን ማስረጃ ቢያወጣ፣ የተደበቁት ወራሾች ማስረጃው እንዲሠረዝ ማመልከት ይችላሉ። ዕዳው ተከፍሎ ሀብቱ እስኪከፋፈል ድረስ ውርሱ በወራሾቹ የጋራ ይዞታ ሥር ይቆያል፤ ማናቸውም ወራሽ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል።

ጊዜውም ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት፣ የውርስ ሀብት ያላግባብ በሌላ ሰው ተይዞብኛል የሚል ወራሽ፣ መብቱንና ሀብቱ በተከሳሹ መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። የመጨረሻው ወሰን፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ 15 ዓመት ነው። «ልጆቹ ይደጉ፣ እስከዚያ አጎታቸው ይያዘው» የሚለው የተለመደ ምክር የሚያስከትለው አደጋ እዚህ ላይ ነው። አጎቱ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። የአጎቱ ልጆች ግን በአደራ የተያዘውን ቤት እንደ አባታቸው ቤት አድርገው ያድጋሉ።

የሚራባና የሚሞት ውርስ

የሕግ መጻሕፍት ውርስን የሚያስቡት በአብዛኛው እንደ ቤትና መሬት፣ ባለበት የሚቆይ ነገር አድርገው ነው። በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ግን ዋናው ሀብት በእግሩ የሚሄድ፣ የሚወልድና የሚሞት ነው። በዲራ ዝናብ ወቅት 120 የነበረ መንጋ በካረን ማብቂያ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተከታታይ የዝናብ ወቅቶች መክሸፍ የደረሰው ድርቅ ይህን በመራራ መንገድ አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ዘመን ሁለት ዓመት ያልተከፋፈለ ውርስ ሲከፋፈል የሚገኘው የመንጋው ትዝታ ሊሆን ይችላል። ያኔም «ሞቱ» የሚለው ጠባቂና «ተሸጡ» የሚለው ወራሽ ማስረጃ ሳይኖራቸው ይፋጠጣሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንጋውን በሽማግሌዎች ፊት መቁጠር ከየትኛውም የፍርድ ቤት ወረቀት በፊት የሚጠቅም ሥራ ነው። በዓይነት፣ በጾታና በዕድሜ ለይቶ፣ የግመሎቹን የመለያ ምልክት መዝግቦ፣ በአደራ ወይም በብድር የገቡትን የሌላ ሰው እንስሳት ነጥሎ ማስፈረም ያስፈልጋል። የሴት እንስሳቱ ቁጥር በተለይ ይመዝገብ፤ አሥር ወጠጤና አሥር የምትወልድ ፍየል በቁጥር እንጂ በዋጋም ሆነ በነገ ተስፋ እኩል አይደሉም። ከሞቱ ቀን በኋላ የተወለደው ግልገል የውርሱ ነው እንጂ የጠባቂው አይደለም፤ ለጠባቂው ድካምና ለውኃ የወጣው ወጪ ግን ሊታሰብለት ይገባል።

በሐርሺንና በሐርተ ሼክ አካባቢ ሌላ ልዩ የውርስ ዓይነት አለ፤ ይኸውም ቢርካ ነው። በሲሚንቶ ተሠርቶ የጎርፍ ውኃ የሚያከማች ይህ ጉድጓድ በደረቁ ወራት ውኃው የሚሸጥ የግል ሀብት ነው። ቢርካን እንደ ፍየል ቆጥሮ ማከፋፈል አይቻልም። ወይ አንዱ ወራሽ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍሎ ይወስደዋል፣ ወይ በጋራ ይዘው የውኃውን ገቢና የጥገናውን ወጪ በየድርሻቸው ይካፈላሉ። የጋራውን መንገድ የሚመርጡ ቤተሰቦች ጥገናውን ማን እንደሚያደርግ አስቀድመው ካልጻፉ፣ ቢርካው ሲሰነጠቅ የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

መሬትን በተመለከተ የሚወረሰው የመጠቀም መብት ነው፤ ባለቤትነቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። የጅግጅጋ ሜዳ በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ አምራቾች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር ይዞታ በውርስ የሚተላለፈው ለ«ቤተሰብ አባል» ሲሆን፣ ትርጓሜውም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው የሚመለከት መሆኑ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ስለዚህ የቆየ ምክር ይዞ ከመሄድ በፊት በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የሚሠራበትን ሕግ ማየት ይገባል። የከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ከሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አንድ ነገር ይያዙ፤ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል፤ በውርስ ሲተላለፍ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ወራሾች ለማቅለል ብለው እርስ በርስ የሐሰት የሽያጭ ውል ሲፈራረሙ ይህን ጥቅም በገዛ እጃቸው ይጥሉታል።

ኑዛዜ ለብዙዎች መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ቅርፁ ካልተጠበቀ ዋጋ የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት። በቃል የሚደረገው በሁለት ምስክሮች ፊት ሆኖ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳጊና ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። በሸሪዓው በኩል ወሲያ ከሀብቱ ሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽ የሚደረግም አይደለም። በሞት አልጋ ላይ «ቤቱ ለታናሹ ልጄ» የተባለ ቃል በሁለቱም በር በዚያው መልኩ አያልፍም።

እርዳታ ከየት ይገኛል?

ብዙ ቤተሰብ ጠበቃ የሚፈልገው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ማመልከቻ መጻፍና ምክር መስጠት የሥራው ዋና ክፍል ነው። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በድኅነት ያለ ክፍያ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ አቅም እንደሌለው የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። ችሎቱ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በሶማሊኛ ስለሚካሄድ፣ በጅግጅጋና በአካባቢዋ የሚኖሩ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው በመጀመሪያው ቀጠሮ መጠየቅ አለባቸው።

ከአገር ውጭ ያሉ ወራሾች ውክልናቸውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጠው መላክ ይችላሉ። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት መታወቂያውን እስከያዙ ድረስ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ከመሆን አይከለከሉም። ውክልናው ግን ተለይቶ ይጻፍ። «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ሰፊ ሥልጣን ከሚኒሶታ ለአንድ ወንድም መላክ፣ እናት የምትኖርበትን ቤት የመሸጥ መንገድ ከመክፈት አይለይም። እናቲቱ በዒዳ ላይ ሳለች የሚመጣው መጥሪያም በዚሁ ወንድም እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መጥሪያ የተቀበለ የቤተሰብ አባል ወረቀቱን በዚያው ቀን ለሌሎቹ ወራሾች እንዲያሳይ፣ የተቀበለበትንም ቀን በጀርባው እንዲጽፍ የሕግ ባለሙያዎች ይመክራሉ።